ነጭ የደም ሴልዎ «ከፍ ብሏል» ሲባሉ

ትኩሳት ይዞዎት ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ ከሚታዘዙልዎ ምርመራዎች አንዱ በተለምዶ «ሲቢሲ» የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ውጤቱን ተቀብለው ነጭ የደም ሴል ከሚለው ቁጥር ጎን ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ካዩ፣ «ኢንፌክሽን አለብኝ» ብለው በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት አይሂዱ። ቀስቱ የአንቲባዮቲክ ማዘዣ አይደለም።

የአብዛኛው አዋቂ ሰው ነጭ የደም ሴል በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ይሆናል። ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ ለሐኪሙ ብዙ የሚነግረው የትኛው ዓይነት ሴል እንደጨመረ ነው። ኒውትሮፊል ሲጨምር እንደ ሳንባ ምች ያለ በባክቴሪያ የሚመጣ ሕመም ይጠረጠራል። ሊምፎሳይት ሲበዛ ጥርጣሬው ወደ ቫይረስ ያደላል፤ በቫይረስ ላይ ደግሞ አንቲባዮቲክ አይሠራም። ኢዮሲኖፊል ከፍ ካለ የአንጀት ትል፣ ቢልሃርዝያ ወይም አለርጂ ሊኖር ይችላል።

ያለ ኢንፌክሽንም ቁጥሩ ይጨምራል። እርግዝና፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ከባድ የአካል እንቅስቃሴ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ከፍ ያደርጉታል። በተቃራኒው ታይፎይድ ወይም ወባ የያዘው ሰው ነጭ የደም ሴሉ ሳይጨምር፣ አንዳንዴም ቀንሶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ቁጥሩ ደህና ነው» መባል ብቻውን ከበሽታ ነፃ አያደርግም።

እኛን በተለይ የሚመለከት ጉዳይም አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ጤነኞች ሆነው ሳለ ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። ይህ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይም በጥናት ታይቷል። እንዲህ ያለው ሰው ወረቀቱ ላይ «ዝቅተኛ» ተብሎ ቢጻፍበት መደናገጥ የለበትም። ነገር ግን ዘወትር 3 ሺህ 500 የነበረው ሰው ሲታመም 9 ሺህ ቢሆን፣ ወረቀቱ «ጤናማ» ቢለውም ለእርሱ ትልቅ ጭማሪ ነው። ይህንን ማወቅ የሚቻለው የቀድሞው ውጤት ካለ ብቻ ነው። የምርመራ ወረቀትዎን አይጣሉ፤ ለሐኪምዎ ያሳዩት። የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ይንገሩት።

የካንሰር ኬሞቴራፒ የሚወስዱ ሰዎች ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ኒውትሮፊላቸው ከ500 በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው።