የተቃጠለ አየርን ስለ ማከማቸትና ሕዝብን አስቀድሞ ስለ ማማከር

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው የተቃጠለ አየር ከነዳጅና ከማገዶ እየወጣ ሲበዛ ምድርን ያሞቃል፤ ዝናብንም ያዛባል። ይህንም ለመቀነስ ከሚደረገው አንዱ፥ አየሩን ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞ ከምድር በታች መቅበር ነው፤ ሌላው ዛፍ አሳድጎ በግንድና በሥር ማኖር ነው። የሁለቱም ፍጻሜ ግን በሕዝቡ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው።

በሆላንድ አገር ሼል የተባለው ኩባንያ አየሩን በባረንድሬኽት ከተማ ሥር ሊቀብር አስቦ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ የተጠየቀው ዕቅዱ ከተነደፈ በኋላ ስለ ሆነ አጥብቆ ተቃወመ፤ ሥራውም በ2003 ዓ.ም. ቀረ።

በአገራችንም በወላይታ በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እንዲከለል ሲታሰብ፥ ገበሬው መሬቴን ልነጠቅ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር። ስለዚህ ከሕዝቡ ጋራ ተመከረ፤ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የደኑ ተጠቃሚነት በጽሑፍ ተረጋገጠላቸው፤ ለከብታቸውም ሣር እንዲያጭዱ ተፈቀደ። ከጉቶው ያቈጠቈጠው ደን በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ገባ፤ የዓለም ባንክም ስለ ተከማቸው ካርቦን ገንዘብ ከፈለ።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ምሥራቅ ካለው ከአያት ጀምሮ እስከ ጠረፍ ድረስ ሕዝብ የምታስተዳድሩና መሬት የያዛችሁ ሁሉ፥ ችካል ከመትከላችሁ በፊት ሕዝቡን ሰብስባችሁ ምን እንደሚከለከልና ምን እንደሚያገኝ በግልጥ ንገሩት፤ ጥያቄውንም አድምጡ። ሕዝቡ ያልተቀበለውን ደን ዘበኛ ብቻውን ሊጠብቀው አይችልምና።