ቲቢን የሚያጋልጡት ቁራጮች

ከአብነት ወደ መርካቶ በሚመላለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ በተለይ በክረምት፣ «ወንድሜ፣ መስኮቱን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ብርዱ ግን ቲቢ አያስይዝም፤ የሚያስይዘው የታፈነው አየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል ባክቴሪያውን የያዙ ደቃቅ ጠብታዎች አየር ላይ ተንሳፍፈው ይቆያሉ፣ አጠገቡ ያለውም ይተነፍሳቸዋል። ስለዚህ መስኮቱ ቢከፈት ይሻላል።

ደግነቱ ባክቴሪያው የገባበት ሁሉ አይታመምም። በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። ሌሎቹን ከሚጠብቋቸው ነገሮች አንዱ በጣም ትንሽ ነው፤ የፕሮቲን ቁራጭ።

ሳንባ ውስጥ ያሉ ተከላካይ ሕዋሳት ባክቴሪያውን ይውጡታል። ቲቢ ግን በዋጠው ሕዋስ ሆድ ውስጥ ሳይሞት መኖር ይችላል፤ እዚያ ተደብቆ ማን ያየዋል? የሚያጋልጠው ራሱ የዋጠው ሕዋስ ነው። የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች ይቆራርጥና ከ13 እስከ 25 አሚኖ አሲድ የሚረዝሙትን ቁራጮች ላዩ ላይ አውጥቶ ያሳያል። የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ጣቃውን ሳያወርድ ቁራጩን ለናሙና እንደሚያሳየው ማለት ነው። ናሙናውን የሚያዩት ብዙዎቻችን ከኤች አይ ቪ ምርመራ ጋር ስማቸውን የሰማነው ሲዲ ፎር ሕዋሳት ናቸው። አንዱ ሕዋስ የሚያውቀውን ቁራጭ ሲያገኝ ይባዛል፤ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገርም ይረጫል። ይህን ሲያገኝ የዋጠው ሕዋስ ይበረታል፤ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፣ ካልሆነም አፍኖ ይይዘዋል። ኤች አይ ቪ ሲዲ ፎርን ሲያመናምን ለዓመታት ታፍኖ የኖረ ቲቢ የሚነሳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቁራጮቹ ለምርመራም ይውላሉ። በጨቅላነታችን ክንዳችን ላይ የተወጋነው የቢሲጂ ክትባት የቆዳውን የቲቢ ምርመራ ሊያሳስት ይችላል። ኢሳት-6 እና ሲኤፍፒ-10 የተባሉት ፕሮቲኖች ግን በቲቢ ባክቴሪያ እንጂ በቢሲጂ ውስጥ የሉም። የነዚህ ፕሮቲኖች ቁራጮች በቤተ ሙከራ ተሠርተው ከሰውየው ደም ጋር ተቀላቅለው ያድራሉ፤ በማግስቱ ኢንተርፌሮን ጋማ ከጨመረ ደሙ ቲቢን ያውቀዋል ማለት ነው። ውጤቱ ግን ድብቁን ቲቢ ከታመመው አይለይም። የታመመ ሰው በአክታ፣ በራጅና በሐኪም ምርመራ መለየት አለበት። አዲስ አበባ አለርት ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሰውነታችን ሥጋ ደዌንና ቲቢን እንዴት እንደሚከላከል ሲያጠና ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ጥናት እዚሁ በሀገራችን ሰው ላይ መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳለዎት፣ ሌሊት የሚያልብዎት ወይም ያለ ምክንያት የሚከሱ ከሆነ፣ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ስድስት ወር ነው፤ ሳል ቢተውዎትም እስከ መጨረሻው ይውሰዱት።