ከጅቡቲ ወደብ የሚሻገረው በግ፦ ተረትና እውነታ

በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ ዓረብ አገር የሚሻገር በግ መርከብ ከመሳፈሩ በፊት ዳመርጆግ በሚገኘው የእንስሳት ለይቶ ማቆያ ያርፋል። ለይቶ ማቆያው እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረው፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሰበብ የአፍሪቃ ቀንድን እንስሳት ካገደች በኋላ ነው። ስለ በሽታው ብዙ ተብሏል። በጉ ስለሚቆምበትና ስለሚበላበት ቦታ የሚወራው ግን አብዛኛው ተረት ነው።

ተረት፦ «ድርቆሹ ከበቃ ሁሉም ይበላል።»

እውነታ፦ ነጋዴው ድርቆሹን ለበጎቹ ቁጥር አካፍሎ «ይበቃል» ይላል። በግ ግን ተራ አይጠብቅም፤ አንዱ መብላት ሲጀምር መንጋው በሙሉ አብሮ መብላት ይፈልጋል። ገንዳው ካጠረ ጉልበተኛው ገፍቶ ቦታ ይይዛል፣ ደካማው ከኋላ ቆሞ ይቀራል፤ ሲደርሰውም ቅጠሉ አልቆ አገዳው ነው የሚቆየው። ስለዚህ ከኪሎው ጋር የገንዳው ርዝመትም ይለካ። ፉርሽካ ወይም እህል ተሰፍሮ ሲሰጥ ለአንድ ትልቅ በግ እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የገንዳ ጠርዝ ይመከራል። ድርቆሽ ቀንም ሌሊትም ካልጎደለ ግን የዚህ ሲሶ ያህል ይበቃል።

ግጦሽ ብቻ የሚያውቅ በግ ደግሞ ገንዳውን ራሱ ሊፈራ ይችላል። ከአውስትራሊያ በመርከብ በሚጓዙ በጎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ መኖ እንቢ ማለትና ተከትሎት የሚመጣው ሳልሞኔላ ነው። ያልበላውን ለመለየት ግራ ጎኑን ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ ማየት ነው፤ ሰርጉዶ ይታያል።

ተረት፦ «ተጠጋግቶ ከተጫነ ይደጋገፋል፣ አይወድቅም።»

እውነታ፦ መጠነኛ መጠጋጋት በኮረኮንች መንገድ ይጠቅም ይሆናል። አይሱዙው ጢም ብሎ ሲሞላ ግን የወደቀው መነሻ ያጣል፣ ይረገጣል። በመርከብም ከአቅም በላይ መጫን አደጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሱዳን ሱዋኪን ወደብ ላይ የሰጠመችው መርከብ 15 ሺህ ያህል በግ ጭና ነበር፤ አቅሟ 9 ሺህ እንደነበር ተዘግቧል።

ተረት፦ «የበረሃ በግ ነው፣ ሙቀት ይችላል።»

እውነታ፦ ራሱ ጥቁር የሆነው የሱማሌ በግ ስቡን በዳሌውና በጅራቱ ሥር ያከማቻል፣ ድርቅም ይችላል። በሜዳ ግን ጥላ ይመርጣል፣ ነፋስ ያገኛል። በጅቡቲ የሐምሌ ሐሩር በጠባብ በረት ሲታጨቅ በማለክለክ እንኳ መቀዝቀዝ ያቅተዋል። ሁሉም በአንዴ የሚተኛበት ቦታ ካጣ እንቅልፉም ይቆራረጣል።

ዐረፋ ሲቃረብ በረቶቹ ይጨናነቃሉ። ነጋዴዎች ሆይ፣ መኖ እንደቀረበ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ ከኋላ የቀሩትን ቁጠሩ፤ ለይታችሁም ለብቻቸው አብሉ።