አረንጓዴው መብራት ለማያየውም ሰው ይናገር

በስኳር ሕመም ምክንያት በየወሩ የምከታተላቸው አንዲት እናት ሁለት ቀጠሮ አከታትለው ቀሩ። በሦስተኛው ሲመጡ የደማቸው የስኳር መጠን እጅግ ከፍ ብሎ አገኘሁት። መድኃኒታቸው ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እንደ ብዙ ሐኪም ሁሉ እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ ተግሣጽ ነበር። «እማማ፣ መድኃኒት ማቋረጥ ምን እንደሚያስከትል ተነጋግረን አልነበር?» አልኳቸው።

«ተነጋግረናል ልጄ» አሉኝ። «ግን ታክሲው የሚያወርደኝ ከማዶ ነው። የልጅ ልጄ ደግሞ ፈተና ላይ ናት። መንገዱን ማን ያሻግረኝ?»

እኚህ እናት በግላኮማ ምክንያት አብዛኛውን የዓይን ብርሃናቸውን አጥተዋል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ የትራፊክ መብራቱን ቀለም ግን አይለዩም። ከቤታቸው እስከ እኛ ዘንድ ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ያን ያህል መንገድ በሰው ትብብር መጥተው የሚቸገሩት በመጨረሻዋ ጥቂት ሜትር ላይ ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወጥቼ ከመብራቱ ሥር ቆምኩ። ዓይኔን ጨፍኜ አረንጓዴው መቼ እንደሚበራ ለማወቅ ሞከርኩ። የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ ከሱቅ የሚወጣ ዘፈን፣ የአውቶቡስ ሞተርና ክላክስ ይሰማኛል። ስለ መብራቱ የሚነግረኝ ድምፅ ግን አንድም አልነበረም። ዓይኔን ስገልጥ አረንጓዴው በርቶ ጠፍቷል፤ አብረውኝ የቆሙት ሁሉ ተሻግረው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ በጤና አምድ ላይ ስለ መንገድ ማቋረጫ መነሣቱ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ነገሩ ግን የጤና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞተዋል፤ ከእነዚህም 23 በመቶዎቹ እግረኞች ናቸው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ደግሞ ከሕዝቡ 1 ነጥብ 6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር፣ 3 ነጥብ 7 በመቶው ደግሞ እይታው እጅግ የደከመ መሆኑን አሳይቷል። በቀለም ብቻ የሚናገር መብራት ለእነዚህ ወገኖች ምንም አይናገርም።

ማየት የተሳነው ሰው እንዴት ይሻገራል?

ነጭ በትር ይዞ ለብቻው መንቀሳቀስ የለመደ ሰው የሚሻገረው በጆሮው ነው። ከጎኑ፣ እርሱ ሊሄድበት በሚፈልገው አቅጣጫ የቆሙት መኪኖች ሞተራቸው ሲጮህና መንቀሳቀስ ሲጀምሩ፣ ከፊቱ የሚያቋርጡት መቆማቸውን ይገምታል። ይህ ዘዴ በልምምድ የሚገኝ ትልቅ ችሎታ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በአደባባይ ላይ መኪናው ሁሉ አንድ ጊዜ ስለማይቆም ጆሮ የሚይዘው ነገር ያጣል። ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ወይም አጠገብ ግንባታ ሲኖርም እንዲሁ ነው።

ከሁሉም በላይ አዲስ የመጣ ነገር አለ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በመንገዶቻችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ለአየሩ መልካም ነው፤ ለሳንባችንም እንዲሁ። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና ዝግ ብሎ ሲሄድ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

በድምፅና በመዳሰስ የሚናገር ምልክት

መፍትሔው ከመብራቱ ጋር አብሮ የሚሠራ፣ በጆሮና በእጅ የሚለይ ምልክት ነው። በአውስትራሊያ ከተሞች በእግረኛ ማቋረጫ ምሰሶ ላይ ትልቅ ክብ ቁልፍ አለ። መብራቱ ቀይ ሳለ ከምሰሶው ዝግ ያለ ምት ይሰማል፤ ማየት የተሳነው ሰውም ምቱን ተከትሎ ምሰሶውን ያገኘዋል። አረንጓዴው ሲበራ ምቱ ይፈጥናል። በቁልፉ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ቀስት የመሻገሪያውን አቅጣጫ ያመለክታል፤ እጅ ሲያርፍበትም እንደ ስልክ ቫይብሬሽን ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መስማትም ማየትም የተሳነው ሰው መሻገሪያው ሰዓት መድረሱን በመዳፉ ያውቃል። ድምፁ በአካባቢው ጩኸት ልክ ከፍና ዝቅ ስለሚል ሌሊት ጎረቤት አያውክም።

በእንግሊዝ ከተሞች ደግሞ በብዙ ማቋረጫዎች ከቁልፉ ሳጥን ሥር ትንሽ ሾጣጣ ብረት አለች። አረንጓዴው ሲበራ ትዞራለች። እጁን ከሳጥኑ ሥር ያደረገ ሰው መዞሯ ሲሰማው ይሻገራል። ድምፅ ማሰማት በማይመችበት ቦታም ያለ ጩኸት ታገለግላለች።

እግርም የሚያነበው ምልክት አለ። ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ የፈለሰፈው ጎርባጣ ንጣፍ እ.ኤ.አ. በ1967 በኦካያማ ከተማ፣ ማየት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ረጃጅም መስመሮች «ቀጥል»፣ ክብ ጉብታዎች «ቁም፣ ከፊትህ መንገድ አለ» ይላሉ። ቢጫ ቀለሙም ጥቂት ለሚያዩ ሰዎች ጎልቶ እንዲታይ ይረዳል።

ሰከንዶችም መድኃኒት ናቸው

ለመሻገር የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ ከማየት ችግር ባሻገር ብዙ ሕሙማንን የሚነካ ነው። በብዙ አገሮች የእግረኛ መብራት ሲቀመር አንድ ሰው በሰከንድ 1 ነጥብ 2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነበር። በእንግሊዝ አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች በአማካይ በሰከንድ 0 ነጥብ 9፣ ሴቶች ደግሞ 0 ነጥብ 8 ሜትር ብቻ እንደሚራመዱ አሳይቷል።

እስኪ እናስላው። 14 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በመጀመሪያው ቀመር ለመሻገር 12 ሰከንድ ያህል ይበቃል። በሰከንድ 0 ነጥብ 8 ሜትር የምትራመድ እናት ግን 12 ሰከንድ ሲያልቅ ገና ከአራት ሜትር በላይ ይቀራታል፤ ይኸውም ከአንድ የመኪና መስመር በላይ ነው። የጉልበት ሕመም ያለበት፣ ስትሮክ የመታው፣ በስኳር ሕመም የእግሩ ስሜት የደነዘዘ፣ ልጅ ያዘለች ነፍሰ ጡር ሁሉ በዚህች ስሌት ውስጥ አሉ። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ካርዳቸውን ከምሰሶው መሣሪያ ላይ ሲያስነኩ አረንጓዴው ጥቂት ሰከንድ እንዲረዝምላቸው አድርጋለች።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያው ተአምር አይሠራም። ድምፁ የሚናገረው መብራቱ መለወጡን እንጂ ሾፌሩ መቆሙን አይደለም። መብራት ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ጥገናው ከተከላው እኩል ሊታሰብበት ይገባል። ሁለት ምሰሶዎች ተጠጋግተው ሲተከሉም የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ያደናግራሉ። ስለሆነም ከመተከሉ በፊት ማየት የተሳናቸው ሰዎች ቦታው ላይ ተገኝተው ሊሞክሩትና ሐሳብ ሊሰጡ ይገባል።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

ማየት ለደከመባችሁ፦ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። በብሔራዊው ጥናት ለዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ ይህም በቀዶ ሕክምና ይድናል። ግላኮማ የወሰደውን አይመልስም፤ ጠብታውን በየቀኑ መጠቀም ግን የቀረውን ያቆያል። ግላኮማ የሚጀምረው ከእይታ ዳር ስለሆነ ከጎን የሚመጣ መኪና ድንገት እየደረሰባችሁ ከሆነ ዓይናችሁን ተመርመሩ። ስትሻገሩ ነጭ በትራችሁን ጎልቶ በሚታይ ሁኔታ ያዙ፤ ሲመሽም ደማቅ ልብስ ልበሱ።

ለመርዳት ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ ጠይቁ። «ላሻግርዎት?» ማለት ይበቃል። ክንዳቸውን ወይም በትራቸውን አትጎትቱ፤ ይልቁንም እነርሱ ክርናችሁን ይያዙና ግማሽ እርምጃ ቀድማችሁ ሂዱ። ጠርዙ ጋ ስትደርሱ «መውጫ ነው»፣ «መውረጃ ነው» በሉ። ማዶ ከደረሳችሁ በኋላ መለየታችሁን ተናግራችሁ ሂዱ፤ ብዙዎች አጠገባቸው ሰው ያለ መስሏቸው ለብቻቸው ሲያወሩ ይቀራሉ።

ለአሽከርካሪዎች፦ ነጭ በትር ስታዩ ከዜብራው በፊት ሙሉ በሙሉ ቁሙ። ክላክስ አታድርጉ፤ «እለፍ» ነው ወይስ «ተጠንቀቅ» እግረኛው ሊለየው አይችልም። በእጅ ምልክት መስጠትም ለማያይ ሰው ትርጉም የለውም። ፍጥነት ቀንሱ፤ የመኪና ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨምር የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድል በ4 ነጥብ 5 እጥፍ ያድጋል።

ለከተማ አስተዳዳሪዎችና ለመንገድ መሐንዲሶች፦ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን መንገድንና ትራንስፖርትን ተደራሽ ማድረግን ይጠይቃል። በኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፤ መንገድ ተቆፍሮ ገመድ በሚዘረጋበትና ምሰሶ በሚተከልበት በዚህ ጊዜ የድምፅ ምልክቱን አብሮ መግጠም፣ ኋላ ተመልሶ ከመቆፈር ይሻላል። ከየት እንጀምር ለሚል፣ ከጤና ተቋማትና ከትምህርት ቤቶች ደጃፍ ቢጀመር እላለሁ።

የእኚያን እናት ቀጠሮ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ወደሌላት ቅዳሜ አዛውረነዋል። ከዚያ ወዲህ አልቀሩም፤ ስኳራቸውም እየተስተካከለ ነው። እኔም ቀጠሮ የቀረን ሕመምተኛ ከመቆጣቴ በፊት «እንዴት ነው የሚመጡት? ማንስ ያሻግርዎታል?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ባልደረቦቼም እንዲህ ቢጠይቁ እመክራለሁ። ቅዳሜን ማግኘት የማይችሉት ግን ብዙዎች ናቸው፤ በራችን ላይ ያለው መብራትም እስካሁን ድምፅ የለውም።