ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ሲቀር፦ የኦም ሕግ በባለ አራት ጎማ ሞተር ብስክሌት ላይ

ያገለገለ ተሽከርካሪ የገዛ ሰው ከሚገጥሙት ፈተናዎች አንዱ ከማስነሻው ቁልፍ ይጀምራል። ቁልፉ ሲጫን ከመቀመጫው ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ ይሆናል። መብራቱ ይበራል፤ ክላክሱ ይጮኻል፤ ባትሪውም ሲለካ 12.6 ቮልት ያሳያል። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ የተለመደ ነው፦ «ባትሪው ደኅና ነው፤ ሞተሪኖው ተቃጥሏል፤ ይቀየር።» ባለንብረቱ ገንዘቡን አውጥቶ አዲስ ሞተሪኖ ያስገጥማል። ቁልፉን ሲጫን ግን ያው «ቀጭ» ይመለሳል።

በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ፍርድ ለምን እንደሚሳሳትና ትክክለኛው ብልሽት በአንድ ተራ መልቲሜትር (በገበያ ስሙ ቴስተር) እንዴት እንደሚገኝ እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥነው ባለ አራት ጎማውን ሞተር ብስክሌት ነው። ይህ ተሽከርካሪ በጭቃ፣ በውኃና በአሸዋ ውስጥ ስለሚሠራ የኤሌክትሪክ መስመሩ በቶሎ ይጎዳል። በሌላ በኩል ባትሪው፣ ሪሌውና ሞተሪኖው ተለያይተው ስለሚቀመጡ ለመለካት ይመቻል። የምንጠቅሰው መርሕ ግን ለባጃጅም፣ ለሞተር ብስክሌትም፣ ለመኪናም ያው ነው።

ሞተሪኖ ምን ይሠራል?

ሞተሪኖ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ ሞተር» ማለት ነው። ሥራው ትልቁን ሞተር በራሱ ነዳጅ መሥራት እስኪጀምር ድረስ ማዞር ነው። ቀደም ባለው ዘመን መኪና የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሲመታም የብዙ ሰዎችን ክንድ ሰብሯል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 ሞዴል ካዲላክ መኪና ላይ ከተገጠመ ወዲህ ይህ አደጋ እየቀረ ሄደ። ሱዙኪ ባለ አራት ጎማውን ሞተር ብስክሌት ለገበያ ሲያቀርብ እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ተሽከርካሪዎች የእግር ማስነሻ ስለሌላቸው ሞተሪኖው እምቢ ካለ ባለቤቱ ባለበት ይቀራል።

የአሠራሩ ሰንሰለት አጭር ነው። ቁልፉ ሲጫን ጥቂት አምፔር ብቻ የሆነ ጅረት ወደ ሪሌው ጥቅል ሽቦ ይሄዳል። ጥቅሉ ማግኔት ሆኖ ሁለት ወፍራም የመዳብ ነጥቦችን ያገናኛል፤ የምንሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይህ ግንኙነት ነው። በዚያን ጊዜ በአሥሮች፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ በሚቆጠር አምፔር የሚለካ ጅረት ከባትሪው በወፍራሙ ገመድ ወደ ሞተሪኖው ይነጉድና በተሽከርካሪው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። እንግዲህ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የሚመሰክረው ትንሹ ጅረት ማለፉን ብቻ ነው። ስለ ትልቁ ጅረት ምንም አይነግረንም።

ትንሽ ኦም፣ ትልቅ ጥፋት

ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ በትምህርት ቤት ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ ቮልቴጅ የጅረትና የሬዚስታንስ ብዜት ነው። ይህን ሕግ በሒሳብ ምሳሌ እንሞክረው። ባትሪው 12.6 ቮልት፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.02 ኦም፣ ገና ያልዞረው ሞተሪኖ ደግሞ 0.06 ኦም ነው እንበል። ሁሉም ነገር ጤናማ ሲሆን በመጀመሪያዋ ቅጽበት የሚያልፈው ጅረት 12.6 ለ0.08 ሲካፈል ወደ 157 አምፔር ይሆናል።

አሁን ገመዱ ከሞተሪኖው ጋር የሚታሰርበት ብሎን ዛገና 0.08 ኦም ጨመረ እንበል። ጠቅላላው ሬዚስታንስ 0.16 ኦም ስለሚሆን ጅረቱ ወደ 79 አምፔር ይወርዳል። በቋሚ ማግኔት የሚሠሩ ትንንሽ ሞተሪኖዎች የማዞር ኃይላቸው ከጅረቱ ጋር ተመጣጣኝ በመሆኑ ኃይሉም በግማሽ ይቀንሳል። በፒስተኑ ላይ የታመቀውን አየር ለማሸነፍ ይህ ላይበቃ ይችላል። በዛገው መገናኛ ላይ ብቻ 6.3 ቮልት ይቀራል፤ ለሞተሪኖው የሚደርሰው 4.7 ቮልት ነው። መገናኛው ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠውም 500 ዋት ገደማ ነው። ከሙከራ በኋላ ትኩስ ሆኖ የሚገኝ መገናኛ ራሱን ያጋለጠ ጥፋተኛ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ይህ 0.08 ኦም በተለመደው መንገድ ሲፈለግ አይታይም። የመልቲሜትሩ የራሱ ገመዶች ብቻ ከ0.1 ኦም በላይ ሊኖራቸው ስለሚችል በኦም መለኪያው ብንፈልገው እዚያው ውስጥ ይሰወራል። በቮልት መለኪያው ያለ ጭነት ብንለካ ደግሞ መሣሪያው የሚወስደው ጅረት እጅግ ጥቂት በመሆኑ ሙሉውን 12.6 ቮልት እናነባለን። በ5 ዋት አምፖል ብንፈትሽ እንኳ የሚያልፈው 0.4 አምፔር ያህል ስለሆነ መገናኛው ላይ የሚቀረው 0.03 ቮልት ብቻ ነው፤ አምፖሉ ደምቆ ይበራል። ስለዚህ ይህ ብልሽት የሚታየው ትልቁ ጅረት በሚያልፍበት ሰዓት ብቻ ነው። ቮልቴጅ በጭነት ላይ ይለካ የምንለውም ለዚህ ነው።

ድምፁ የሚናገረው

ከመለካታችን በፊት ጆሯችን ብዙ ይነግረናል። ምንም ድምፅ ከሌለ ችግሩ ያለው በትንሹ ጅረት መንገድ ላይ ነው። ፊውዙን፣ የሞተር ማጥፊያውን ቁልፍ፣ እንዲሁም ማርሹ ፎሌ ላይ ካልሆነ ወይም ፍሬን ካልተያዘ ማስነሻውን የሚከለክሉትን ማብሪያዎች እንፈትሻለን።

ሪሌው በፍጥነት «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የባትሪው መቆንጠጫ ላልቷል። ትልቁ ጅረት ሲጀምር ቮልቴጁ ይወድቅና ሪሌው ይለቃል፤ ሲለቅ ቮልቴጁ ያገግምና እንደገና ይይዛል። አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» ብሎ የሚቀር ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሪሌው የመዳብ ነጥቦች፣ ከሪሌው ወዲያ ወዳለው ገመድና ወደ ሞተሪኖው ይዞራል። ሞተሪኖው ራሱ በፍጥነት እየዞረ ትልቁ ሞተር የማይዞር ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ ችግር የለም፤ ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተላልፈው የማስነሻ ፍሪሲዮን አርጅቷል ማለት ነው።

አምስቱ ልኬቶች

ሥራው ገላጣ ቦታ ላይ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጎና ጎማውን ቆልፎ ይጀመር። ሞተሩ እንዳይነሣ የካንዴላው ገመድ ከነትርፍ ካንዴላው ከሞተሩ ብረት ጋር ይነካካ። ቁልፉም በአንድ ጊዜ ከአምስት ሰከንድ በላይ አይጫን። ያልዞረ ሞተሪኖ ጅረቱን የሚገታው ተቃራኒ ቮልቴጅ ስለሌለው በቶሎ ይግላል። ሁሉም ልኬት የሚወሰደው ቁልፉ በተጫነበት ሰዓት ነው።

አንደኛ፣ በባትሪው በሁለቱ የእርሳስ ራሶች ላይ (መቆንጠጫው ላይ ሳይሆን) እንለካለን። ሙሉ ኃይል ያለው ባትሪ ሞተሩን እያዞረ ወደ 10 ቮልት ገደማ ይቆያል። ሁለተኛ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው ቀፎ እንለካለን። ሦስተኛ፣ ከፖዘቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው ብሎን እንለካለን። በእነዚህ በሁለቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ መስመሩ ላይ ጉዳት አለ። አራተኛ፣ በሪሌው ሁለት ወፍራም ብሎኖች መካከል እንለካለን፤ ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ነጥቦቹ ተቃጥለዋል። አምስተኛ፣ በሞተሪኖው ብሎንና ቀፎ መካከል እንለካለን። ወደ 10 ቮልት እየደረሰው ካልዞረ፣ ትልቁ ሞተርም አለመንከሱ ከተረጋገጠ፣ ያን ጊዜ ብቻ ሞተሪኖው ጥፋተኛ ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ካርቦኑን መቀየርና የገባውን ጭቃ ማጽዳት ነው።

ጉስታፍ ኪርሆፍ እ.ኤ.አ. በ1845 እንዳሳየው በአንድ ዙር ውስጥ ያሉ ቮልቴጆች ሁልጊዜ ይመጣጠናሉ። በምሳሌያችን መገናኛው ላይ የቀረው 6.3 እና ሞተሪኖው የደረሰው 4.7 ተደምረው በባትሪው ራስ ላይ የሚነበበውን 11.0 ቮልት ይሰጣሉ። በጤናማው መስመር ላይ ግን በዚያችው የመጀመሪያ ቅጽበት ባትሪው ወደ 9.4 ቮልት ይወርድ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፦ መስመሩ ሲበላሽ ባትሪው ይበልጥ ጤናማ መስሎ ይታያል። ሞተሪኖው ሳይዞር የባትሪው ቮልቴጅ ከፍ ብሎ ከቆየ መስመሩን እንጠርጥር፤ በእጅጉ ከወደቀ ባትሪውን ወይም የነከሰውን ሞተሪኖ እንጠርጥር።

ጥገናው

የተገኘው ብልሽት ዝገት ከሆነ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል፤ ሲታሰርም መጨረሻ ላይ ይታሰራል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የፖዘቲቩን ብሎን የሚፈታው ቁልፍ የተሽከርካሪውን ብረት በነካ ጊዜ ባትሪው ሙሉ ጅረቱን በቁልፉ በኩል ያፈሳል። መገናኛው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ብረቱ ሲያበራ ተጠብቆ ይታሰራል፤ ከላይም ግራሶ ይቀባል። የሪሌውን ሁለት ብሎኖች በጠመንጃ መፍቻ ማገናኘት የተለመደ ቢሆንም አንመክረውም። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ አንድ ፍንጣሪ ሊያፈነዳው ይችላል፤ ማርሽ ውስጥ የቀረ ተሽከርካሪም ሳይታሰብ ሊፈናጠር ይችላል።

ዕቃ እየቀየሩ ብልሽት መፈለግ እንደ ዕጣ ነው፤ ሊደርስም ላይደርስም ይችላል፤ ዋጋው ግን ሁልጊዜ ይከፈላል። አምስቱ ልኬቶች ሩብ ሰዓት አይፈጁም። ያገለገለ ተሽከርካሪ ለመግዛት የሚያስብ አንባቢም ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያውንና የአምስተኛውን ልኬት ቢወስድ፣ የሚከፍለው ለዛገ ብሎን ይሁን ለተቃጠለ ሞተሪኖ ለይቶ ያውቃል።