ጥይት የማይበሳው ሰሌዳ

በአሜሪካ ከከተማ ወጣ ብሎ የነዳ ሰው በመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የተሰካ፣ ፊቱ በጽሑፍ የተሞላ የብረት ሰሌዳ ሳያይ አይመለስም። እዚህ እገሌ ተወለደ፣ እዚህ ጦርነት ተካሄደ፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ነበረ ይላል። ቨርጂኒያ በ1927 መትከል ስትጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያሰበችው መኪና የገዛውን መንገደኛ ነበር። ሚሲሲፒ በ1949 ተከተለች፤ የእሷዎቹ አረንጓዴ ሆነው አናታቸው ላይ የማግኖሊያ አበባ አለ። ጽሑፉን የስቴቱ የቤተ መዛግብትና ታሪክ መሥሪያ ቤት ያጸድቃል፤ ወጪውን ግን በአብዛኛው የሚሸፍነው ሰሌዳ ይቁምልኝ ብሎ ያመለከተው ወገን ነው። አመልካች የሌለው ታሪክ ሰሌዳ የለውም ማለት ነው።

በሚሲሲፒ የጥጥ አገር በሚያልፈው በታላሃቺ ወንዝ ዳር ለሃምሳ ዓመት ያህል ሰሌዳ ያጣው የኤሜት ቲል ታሪክ ነው። የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ በኦገስት 1955 ከቺካጎ ዘመድ ሊጠይቅ መጣ። መኒ በምትባል መንደር ነጭ ባለሱቋን አፏጨባት ተብሎ ኦገስት 28 ሌሊት ከተኛበት ተወሰደ። ከሦስት ቀን በኋላ አስከሬኑ ወንዙ ውስጥ ተገኘ፤ እንዳይንሳፈፍ 34 ኪሎ የሚመዝን የጥጥ መዳመጫ ማራገቢያ አንገቱ ላይ በእሾሃማ ሽቦ ታስሮበት ነበር። እናቱ ወይዘሮ ማሚ ቲል በልጃቸው ላይ የተፈጸመውን ሕዝብ እንዲያይ የሬሳ ሣጥኑ ሳይከደን አሰናበቱት። የአስከሬኑን ፎቶ ጄት መጽሔት አወጣው።

ችሎቱ የተሰየመው በሰምነር ነው። የዚያን ጊዜ በከተማዋ መግቢያ የቆመው ሰሌዳ ሰምነር ወንድ ልጅ ለማሳደግ መልካም ቦታ ናት ይል ነበር። አሥራ ሁለት ነጭ ወንዶች የተቀመጡበት ጁሪ በግድያው የተከሰሱትን ሮይ ብራያንትንና ጄ. ደብልዩ. ማይላምን በ67 ደቂቃ ነፃ አላቸው። በአንድ ወንጀል ሁለቴ እንደማይከሰሱ የተማመኑት ሁለቱ ሰዎች በ1956 መጀመሪያ ለሉክ መጽሔት ግድያውን አምነው ተናገሩ፤ ገንዘብም ተከፈላቸው።

ከዚያ ወዲያ አካባቢው ዝም አለ። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ከ1913 ጀምሮ የነበረው፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለደቡቡ ወገን የተዋጉት የኮንፌዴሬሽን ወታደሮች ሐውልት ብቻውን ቆየ። በ2005 አንድ የአውራ ጎዳና ክፍል በኤሜት ስም ቢሰየም በዓመቱ የስሙ ሰሌዳ ላይ ኬኬኬ የሚል የነጭ የበላይነት ቡድን ስም በቀለም ተረጨበት። ጥቁርም ነጭም የአገሬው ሰዎች የገቡበት የመታሰቢያ ኮሚሽን በ2006 ተቋቋመ፤ በኦክቶበር 2 ቀን 2007 በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ለቤተሰቡ የጸጸት ቃል ተነበበ፤ ባለማግኖሊያው ሰሌዳም ቆመ። የሁለቱን ሰዎች ስም ጠርቶ፣ ነፃ መባላቸውንም ማመናቸውንም ይናገራል። በጥቂት መስመር ያን ያህል መናገር ቀላል አይደለም።

ኮሚሽኑ በ2008 የራሱን ሰሌዳዎች ሲተክል አንዱን አስከሬኑ ወጣበት በሚባለው፣ ግራቦል ላንዲንግ በተሰኘው የወንዝ ዳር አቆመ። በዚያው ዓመት ተነቅሎ ወንዝ ተጣለ። በምትኩ የመጣውን የአደን ጠመንጃ ይሁን ሌላ በሳሳው፤ 317 ቀዳዳ ተቆጥሮበታል፤ በ2021 ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም እንዳለ ለእይታ ቀርቧል። ሦስተኛው በ2018 ቆሞ በ35ኛው ቀን ተተኮሰበት። አራተኛው በኦክቶበር 2019 ሲተከል ጥይት ከማይበሳው ብረት የተሠራና ከ225 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች ባንዲራ ይዘው ቪዲዮ ሊቀርጹ መጡ፤ በቦታው የተገጠመው የማስጠንቀቂያ ደወል ሲጮህ ሮጠው ሄዱ።

እኔን ከብረቱ ይልቅ የሚገርመኝ ጽሑፉ ነው። አራተኛው ሰሌዳ የልጁን ሞት ነግሮ አያበቃም፤ ከእሱ በፊት የነበሩት እንደተሰረቁ፣ እንደተጣሉና እንደተተኮሰባቸውም ይዘረዝራል። ስለራሱ ዕጣ የሚተርክ የመንገድ ዳር ሰሌዳ ሌላ አላውቅም። በሌላ በኩል አስከሬኑ የወጣው እውን ከዚህ ቦታ መሆኑን የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ምሰሶ ሲተከል ክርክሩ የተዘጋ ይመስላል። በ2023 ፕሬዚዳንት ባይደን ግራቦልን፣ የሰምነሩን ፍርድ ቤትና የቀብር ሥርዓቱ የተፈጸመበትን የቺካጎ ቤተ ክርስቲያን አንድ ላይ ብሔራዊ መታሰቢያ አድርገዋቸዋል።

መኒ ያለው ሱቅ ግን በዚህ ውስጥ የለም። ጣሪያው ወርዶ ግድግዳው እየፈረሰ የግል ንብረት እንደሆነ ቀርቷል፤ በ2011 የተተከለው ሰሌዳም ቆሞ የሚናገረው ከመንገዱ ዳር ነው። አጠገቡ ያለው አሮጌ የነዳጅ ማደያ ለመብት ትግል ታሪክ ከተመደበ ገንዘብ ከ200,000 ዶላር በላይ አግኝቶ ታድሷል። ማደያው በነገሩ እጁ የለበትም፤ የቀረበው ምክንያት በጊዜው ሰዎች ጉዳዩን እዚያ ቆመው ሳያወሩት አይቀሩም የሚል ነበር።