የመምጣት ተራና የሕመም ተራ

ሰው ጤናው በተሟላለት ጊዜ የሆስፒታልን አጥር ከውጭ እያየ ያልፋል እንጂ በውስጡ ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋ አያስብም። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ። ነገር ግን ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ማታ በሆዴ በስተቀኝ በኩል የጀመረኝ ቍርጠት እየበረታ ሄዶ መተኛት ቢከለክለኝ፣ የእኅቴ ልጅ ደግፎ በታክሲ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል አደረሰኝ። የሆስፒታሉን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

በድንገተኛው ክፍል በር ላይ አንዲት ነርስ ስለ ሕመሜ ጠየቀችኝ። ሙቀቴን፣ የደም ግፊቴንና የልቤን ምት ለካች፤ በካርዴም ላይ ብጫ ምልክት አድርጋ በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ እንድጠብቅ ነገረችኝ። በወንበሩ ላይ ከኛ አስቀድሞ የደረሱ ብዙ ሰዎች ነበሩ። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋለች፤ አንድ የቀን ሠራተኛ የተቈረጠ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሏል፤ አንድ ሽማግሌም ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጥግ ተቀምጠዋል።

ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ሰዓትም አለፈ። በዚህ መካከል መኪና የገጨው ወጣት በቃሬዛ መጥቶ ሳይቆም በቀጥታ ገባ። ከእርሱም ቀጥሎ ትንፋሽ ያጠራት ሴት ደርሳ ወዲያውኑ ገባች። በወንበሩ ላይ ማጕረምረም ተነሣ። «እኛስ ሰው አይደለንም ወይ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በልቤ «ዘመድ ያለው ይገባል፣ የሌለው ይጠብቃል» ብዬ ነበር።

የእኅቴ ልጅ ተነሥቶ ሊከራከር ሲል ነርሷ መጣች። ድካሟ ከፊቷ ላይ ይነበባል፤ ቢሆንም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤ እዚህ ቤት ተራ የሚያዘው በመምጣት ሳይሆን በሕመም ነው። ቀይ ምልክት ያለው በደቂቃ ውስጥ ሊሞት የሚችል ነው። አሁን በውስጥ ያሉት አልጋዎች በሙሉ ተይዘዋል። ሕክምናቸውን የጨረሱ ሕመምተኞች ቢኖሩም፣ ወደሚተኙበት ክፍል ልናስተላልፋቸው ብንፈልግ በዚያ የተለቀቀ አልጋ የለም» አለችን። ይህን ከሰማን በኋላ ሕመማችን ባይቀንስም ቍጣችን ቀነሰ። ማስረዳትም ራሱ አንድ መድኃኒት መሆኑን ያን ጊዜ ተገነዘብሁ።

ይህ ትሪያጅ የሚባለው አሠራር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጕሙ መለየት ማለት ነው። በናፖሊዮን ጦር ውስጥ የነበረው ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ፣ ቍስለኛው ሹም ይሁን ተራ ወታደር ማዕረጉ ሳይታይ፣ ቍስሉ የበረታው አስቀድሞ እንዲታከም በማድረጉ ስሙ ሲጠራ ይኖራል። በዘመናችንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 በደቡብ አፍሪካ ማዘጋጀት የተጀመረው መለኪያ በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ይሠራበታል። በዚህ መለኪያ ቀይ ያለው ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ ያለው በ10 ደቂቃ፣ ብጫ ያለው በአንድ ሰዓት፣ አረንጓዴ ያለው በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት ይገባዋል። እኔ ግን ብጫ ይዤ አራት ሰዓት ጠበቅሁ። ችግሩ የድኻ አገር ብቻ እንዳይመስለን፣ በእንግሊዝ አገር ከመቶው ድንገተኛ ሕመምተኛ 95ቱ በአራት ሰዓት ውስጥ ጕዳያቸው እንዲፈጸም የተደነገገው ግብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 ወዲህ ሳይደረስበት ቈይቷል። በአገራችንም የምኒልክ ሆስፒታል ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ሲኖረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሺያሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። እርሳቸው በበሩ ላይ ሲጠየቁ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጥቂት ጨጓራዬን ነው» ብለው ኖሯል። ሲለኩም የሚያሠጋ ነገር ስላልታየባቸው አረንጓዴ ምልክት ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ግን ማንም ዳግመኛ አልለካቸውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ሕፃን የታቀፈችው እናት በብርዱ ሌሊት በግንባራቸው ላይ ላብ ሲወርድ አየች።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አይደል ልጄ፤ ሰዎቹ ሥራ በዝቶባቸዋል፤ አላስቸግራቸውም።»

ሴትዮዋ ግን ዝም አላለችም፤ ሕፃኗን ለእኅቴ ልጅ አስታቅፋ ወደ ውስጥ ሮጠች። ነርሷ መጥታ የሽማግሌውን እጅ ብትይዘው ፊቷ ተለወጠ፤ ቃሬዛም አስመጣች። ጨጓራ የተባለው ሕመም የልብ ሕመም ኖሯል። በሽማግሌዎችና በስኳር በሽተኞች ላይ የልብ ሕመም ደረትን ሳይወጋ፣ በላብ፣ በድካምና ሆድን በመንፋት ብቻ ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሙ በኋላ ነገረኝ።

እኔም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ታየሁ። ትርፍ አንጀት ነበርና ሲነጋ ተቀደድሁ፤ ጥቂት ብዘገይ ኖሮ ይፈነዳ እንደ ነበረ ተነገረኝ። በሦስተኛው ቀን የእኅቴ ልጅ ስለ ሽማግሌው ቢጠይቅ፣ በሕይወት መኖራቸውንና ወደሚተኙበት ክፍል መዛወራቸውን ሰማ።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ለሰላምታ «ደኅና ነኝ» ማለት መልካም ባሕል ነው፤ በድንገተኛው ክፍል በር ላይ ግን ሰላምታና የሕመም ጥያቄ መለየት አለባቸው። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ የት እንደ ሆነ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት እንዳለና ምን መድኃኒት እንደሚወሰድ ሳያፍሩ መናገር ያስፈልጋል። በመጠበቅ ላይ ሳሉም ሁኔታው ቢለወጥ፣ ላብ ቢመጣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር ወዲያውኑ ማስታወቅ ይገባል፤ ይህ ተራ መንጠቅ አይደለም። ሐኪም ሳይፈቅድም ለሕመምተኛ ሻይ እንኳ መስጠት ደግ አይደለም፤ ምናልባት ኦፕራሲዮን ያስፈልገው ይሆናልና። ቀላል ሕመም ያለውም አስቀድሞ ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ለራሱም ለሌላውም ይበጃል።

ከሆስፒታሎችም የሚጠበቅ አለ። አልጋ መጨመር ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። ነገር ግን በየሰዓቱ በአግዳሚው ወንበር ፊት እያለፈ የሚጠብቁትን እንደገና የሚለካ፣ ስለሚዘገዩበትም ምክንያት የሚነግራቸው አንድ ሰው መመደብ ከዚያ ይልቅ የቀለለ ነው። ያን ሌሊት ይህን ሥራ የሠራችው የራሷን ልጅ ለማሳከም የመጣች አንዲት እናት ነበረች። ሁልጊዜ እንዲህ ያለች እናት በአጠገብ ትገኛለች ብሎ መተማመን ግን አይቻልም።